ተርቦ ያለው ቤንዚን መኪና በአዲስ አበባ፦ ጉልበቱን የሚያሳጣውና ጭሱን የሚያበዛው አንድ ነው

ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር መረጃ የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ) ከስልካችሁ ጋር አገናኙና የማኒፎልድ ግፊት (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚገባበት ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት) የሚለውን መስመር ፈልጉ። ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ከሆናችሁ 75 ኪሎፓስካል አካባቢ፣ ወደ ቦሌ ዝቅ ስትሉ 76 ወይም 77 ሊላችሁ ይገባል። ባሕር ጠለል ላይ 101 የሆነው የአየር ግፊት እኛ ዘንድ ሲደርስ ሩብ ያህሉ የለም። ይህን ቁጥር አይቶ «ሴንሰሩ ሞቷል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ አትስሙት። እዚህ ከተማ ውስጥ መጠርጠር ያለበት ሞተሩ ጠፍቶ 101 የሚል ሴንሰር ነው።

ተርቦ በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። አንዳንድ የስልክ መተግበሪያዎች የተርቦውን ጭማሪ የሚያሰሉት ከማኒፎልዱ ግፊት ላይ በጭፍን 101ን ቀንሰው ነው። ዳገት ላይ ሙሉ ረግጣችሁ ማኒፎልዱ 150 ቢደርስ መተግበሪያው 49 ይላችኋል። እውነተኛው ጭማሪ ግን ከ150 ላይ 76 ተቀንሶ 74 ነው። ምንም ያልሆነ ተርቦ «ደክሟል» ተብሎ እንዲወርድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ስሌት ነው። ጠቅላላውን ግፊት አንብቡና ቅነሳውን ራሳችሁ ሥሩት።

ሒሳቡን ትንሽ እንግፋበት፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ያንኑ 150 ለማድረስ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ተርቦ የሳበውን አየር 1.5 ጊዜ ያህል ያምቃል። እዚህ 2 ጊዜ ያህል ማመቅ አለበት። አየሩ 20 ዲግሪ፣ የኮምፕረሰሩ (አየሩን የሚያምቀው የተርቦው ወገን) ብቃት 70 በመቶ ቢሆን፣ ከተርቦው የሚወጣው አየር ባሕር ጠለል ላይ 70 ዲግሪ ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ 110 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ጭሱ የሚወጣበት የውጭ አየርም ስስ ስለሆነ ተርባይኑ (ጭሱ የሚያሽከረክረው ወገን) በቀላሉ ፈጥኖ ይሽከረከራል። ተርቦ ያለው መኪና እንጦጦን ሲወጣ ተርቦ ከሌለው ያነሰ የሚደክመውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ፋብሪካው የተወለትን መጠባበቂያ እየበላ ነው።

እንግዲህ በተሰነጠቀ ቱቦ፣ በታፈነ የአየር ፊልትሮ ወይም በቆሸሸ ኢንተርኩለር (ተርቦው ያጋለውን አየር የሚያበርደው ክፍል) የሚባክነው አየር እዚህ በእጥፍ ይከፈላል። ተርቦው የጎደለውን ለመሙላት የበለጠ ይሽከረከራል፣ አየሩ ይግላል፣ ሞተሩ ማንኳኳት (ድብልቁ ያለአግባብ በራሱ መፈንዳት) ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ይህን ሲሰማ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል። የዘገየ እሳት ደግሞ ጭሱን ያግለዋል፤ ተርባይኑን ከመቃጠል ለማዳን ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። ጉልበት የለም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ከማርሚታው ካርቦን ሞኖክሳይድና ጥቀርሻ ይወጣል። ለዚህ ነው «ጉልበት ላሻሽል» እና «ጭስ ልቀንስ» የሚሉትን ሁለት ሥራዎች መለየት ትርጉም የማይሰጠኝ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሁን መንገድ ላይ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ።

ፊልትሮው

የግንባታና የመንገድ ሥራ አቧራ በማይጠፋበት መሀል ከተማ የባለቤት መመሪያው የሚለውን 15,000 ወይም 20,000 ኪሎ ሜትር መጠበቅ አያዋጣም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ከዘይቱ ጋር፣ ከፍታችሁ እዩት። ፊልትሮው 5 ኪሎፓስካል ቢያስቀር ተርቦው የሚስበው 76 ሳይሆን 71 ነው፤ 150 ለማድረስ ከ2.1 ጊዜ በላይ ያምቃል፣ የሚወጣውም አየር በ8 እና በ10 ዲግሪ መካከል ተጨማሪ ይግላል። በጎሚስታ ኮምፕረሰር ጠንካራ ንፋስ የወረቀት ፊልትሮ ማራገፍ ልማድ ሆኗል። ወረቀቱ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ አሸዋው በቀጥታ የኮምፕረሰሩን ክንፍ ጫፍ ይልጋል። አዲስ ፊልትሮ ከአዲስ ተርቦ ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

ፊልትሮውን ስታወጡ ከንጹሑ ወገን ያለውን የሳጥኑን ግድግዳ በጣታችሁ ጥረጉት። አቧራ ካለ የፊልትሮው ጠርዝ ጎማ አልገጠመም ወይም ፊልትሮው ለዚያ ሳጥን አልተሠራም። በዘይት የሚርሱትን የጨርቅ «ስፖርት» ፊልትሮዎች ለዚህ ከተማ አልመክርም። ደቃቅ አቧራ የበለጠ ያሳልፋሉ፣ ዘይታቸው ደግሞ የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ይለቀልቃል።

ቀዳዳ ፍለጋው

ይህ ከሁሉም ሥራ በፊት ነው፣ ተርቦ ከመግዛትም፣ ኮምፒውተር ከማስነካትም (የሞተሩን ኮምፒውተር ፋይል ከማስቀየርም)። የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ጥሩ፤ ከሌለ መሣሪያው በቀላል ይሠራል። ከተርቦው መግቢያ ቱቦ ስፋት ጋር የሚገጥም የፕላስቲክ ቧንቧ ክዳን ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ግዙ፣ መሀሉን ብሱና ከጎሚስታ የገዛችሁትን የጎማ ቫልቭ ግጠሙበት። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ቱቦውን ከፊልትሮው ሳጥን፣ የአየር መለኪያ ሴንሰር ካለው ከሴንሰሩ በኋላ፣ ፍቱትና ክዳኑን አስገብታችሁ በፋሸታ አጥብቁ። ግፊት መቆጣጠሪያ ባለው ኮምፕረሰር ከ0.3 ባር ጀምሩና ቀስ እያላችሁ እስከ 0.7 ሂዱ። ከ1 ባር አትለፉ፤ ከዚያ በላይ የሞተሩን የዘይት ማኅተሞች ሊገፋ ይችላል።

ግፊቱ እንደ ጎማ ይዞ እንዲቆይ አትጠብቁ። ሁልጊዜ አንዱ ቫልቭ ክፍት ስለሚሆን በፒስተኑ ፋሻ በኩል ትንሽ አየር ይወጣል። የምትፈልጉት ቦታውን ነው። በሳሙና ውኃ የኢንተርኩለሩን ሁለት አፎች፣ የፕላስቲክ ጎኑና አሉሚኒየሙ የሚጋጠሙበትን እጥፋት፣ የስሮትሉን (ፔዳሉ የሚከፍተው የአየር በር) አፍ፣ የማፕ ሴንሰሩን (የማኒፎልድ ግፊት መለኪያ) ቀለበት ጎማ፣ ትርፍ ግፊት የሚመልሰውን ዳይቨርተር ቫልቭ እርጩ። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና አድምጡ። እዚያ በኃይል የሚነፍስ ከሆነ የሞተሩን እንፋሎት ወደ ማኒፎልዱ የሚመልሰው ቫልቭ መዝጋት ባለበት ጊዜ እንደማይዘጋ ጠርጥሩ። እንዲህ ያለ መኪና ፔዳሉን ለቅቃችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ጥፋቱም በተርቦው ላይ ይላከካል።

አንድ ምልክት ያለ መሣሪያም ይጠቁማል። የአየር መለኪያ ሴንሰር ባለው መኪና ላይ የነዳጅ ማስተካከያ ቁጥሩ (ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ቤንዚን) በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ፣ ከ10 በመቶ በላይ ፕላስ፣ ዳገት ላይ ደግሞ ማይነስ ከሆነ ቀዳዳው ከስሮትሉ በኋላ ነው። በሚኒሞ ያልተለካ አየር ይስባል፣ ሲጫን ደግሞ የተለካውን ይተፋል። በሚኒሞ ሁሉም ደህና ሆኖ በጭነት ብቻ ማይነስ ካለ ከተርቦው እስከ ስሮትሉ ያለውን መስመር ፈልጉ። በማኒፎልድ ግፊት ብቻ የሚሠሩት መኪኖች ግን ተንኮለኛ ናቸው። ተርቦው ፈጥኖ እየተሽከረከረ ጉድለቱን ይሸፍናል፣ ሹፌሩ ምንም አይሰማውም፣ ፒ0299 የሚለው የግፊት ማነስ ኮድ የሚመጣው ተርቦው መሸፈን ሲያቅተው ነው።

ቱቦው ከአፉ ላይ እየሾለከ የሚያስቸግር ከሆነ ፋሸታውን አብዝቶ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም። ውስጡ የዘይት ቅባት ይኖራል። ሁለቱንም ገጽ በፍሬን ማጽጃ አድርቃችሁ ግጠሙና ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ከዚያ በላይ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

ሙቀቱ

ኢንተርኩለሩ በብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ላይ ከፊት ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ጭቃና አቧራ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ባምፐሩን አውርዳችሁ፣ ቀስ ባለ ውኃ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እጠቡ። የመኪና እጥበት ቤቶቹ ጠንካራ ውኃ ክንፎቹን ያጣጥፋል። እግረ መንገዳችሁን በኢንተርኩለሩና በራዲያተሩ ዙሪያ ያሉት ፕላስቲክ መከለያዎች መኖራቸውን እዩ። ከግጭት ጥገና በኋላ ሳይመለሱ ይቀራሉ፣ እነሱ ከሌሉ ደግሞ አየሩ በኢንተርኩለሩ ውስጥ ማለፉን ትቶ በጎኑ ይሄዳል። መኪናው በ50 ወይም በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጓዝ ከኢንተርኩለሩ በኋላ ያለው አየር ከውጭው ከ20 ዲግሪ በላይ የሚበልጥ ከሆነ ችግር አለ።

የራዲያተር ክዳን ነገር ደግሞ እዚህ ሌላ ክብደት አለው። ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ብዙ ሞተሮች ደግሞ ከ90 ዲግሪ በላይ እየሠሩ ነው የሚውሉት። መፍላቱን የሚከለክለው የክዳኑ ግፊት ነው፤ 1.1 ባር የሚይዝ ክዳን መፍያውን ወደ 118 ዲግሪ ይገፋዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት ሲለቅ መጀመሪያ የሚፈላው በተርቦው ወገብ ዙሪያ ያለው ውኃ ነው። እዚያ እንፋሎት ከተፈጠረ ቅዝቃዜ የለም፣ በኩሽኔታው ላይ ያለው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። መርፌው ግን መደበኛ ሙቀት ሊያሳያችሁ ይችላል። ክዳኑን አስፈትሹ፣ የቧንቧ ውኃ ሳይሆን ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ሙሉ።

ዘይትና አነዳድ

ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ሜክሲኮ ላይ የሚውል መኪና ኪሎ ሜትሩ ሳይቆጥር ሞተሩ ሰዓት ይቆጥራል። ዘይቱን በ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ6 ወር፣ ከሁለቱ በቀደመው ቀይሩ። ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭ ሞተር ካላችሁ አጭር መንገድ ብቻ ሲሄድ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያው ደረጃ ከፍ ካለና ቤንዚን ከሸተተ 5,000ን አትጠብቁ።

ጣሳው ላይ ኤፒአይ ኤስፒ የሚለውን ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ደረጃ ነው፤ ቢያንስ የ2018ቱ ኤስኤን ፕላስ ይሁን። ምክንያቱ የነጋዴ ወሬ አይደለም። ትንንሽ ተርቦ ሞተሮች በዝቅተኛ ዙር ብዙ ሲጫኑ፣ ካንዴላው እሳት ከመስጠቱ በፊት ድብልቁ ራሱ ይቀጣጠላል። በዘይቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ማጽጃ መብዛት ይህን ያባብሳል፣ አዲሶቹ ደረጃዎች ይህን ለመቀነስ የተሠሩ ናቸው። አንድ ጊዜ በኃይል ከመታ የፒስተኑን የፋሻ ጠርዝ ሊሰብር ይችላል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጡ በ4ኛ ማርሽ፣ በ1,300 ዙር፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ መርገጥ ይህን መጋበዝ ነው። ማርሽ ቀንሱና በ2,000 ዙር ውጡ። የ«ኢኮ» ቁልፍም ዳገት ላይ ጓደኛችሁ አይደለም፣ አጥፉት።

«ከፍታ ላይ ዝቅተኛ ኦክቴን (ቤንዚኑ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት መጠን) ይበቃል» የሚባለው እውነት የሚሆነው ተርቦ ለሌለው ሞተር ብቻ ነው። ተርቦው ግፊቱን መልሶ ያመጣዋል፣ ያውም የጋለ አየር ጨምሮ። ቤንዚን ሲጠፋ በጀሪካን የሚሸጠው ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ ይወርዳል፣ ማንኳኳቱም ይመጣል። ሰልፍ ይዞ ያገኘ ሰው ደግሞ ታንከሩን እስከ አፉ ማስሞላት ይወዳል። ማደያው «ቀጭ» ካለ በኋላ አታስጨምሩ። ትርፉ የቤንዚን እንፋሎት ወደሚይዘው የከሰል ጣሳ ገብቶ ያረሰዋል። ከዚያ መኪናው ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ አልነሳም ይላል፣ ይሸታል፣ ድብልቁ ይወፍራል።

ካንዴላ ላይ አልቆይም። የተርቦ ሞተር ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተርቦ ለሌለው የሚሆን 1.1 ከተገጠመ በጭነት ጊዜ እሳቱ ይጠፋል። የመኪናውን መመሪያ እዩ፣ ኦሪጅናል መሆኑን አረጋግጡ፣ ቦቢናው የተሰነጠቀ እንዳይሆን ተመልከቱ።

ካታሊቲኩን አትቁረጡት

ካታሊቲክ በጭስ መስመሩ ላይ ያለ ጭስ ማጽጃ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ድብልቁ ልክ ላምዳ 1 (አየሩና ቤንዚኑ የተመጣጠኑበት) አካባቢ ሲሆንና ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሲሞቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን አብሮ ያጠፋል። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለው፣ ገዢ የሚያፈላልገውም ለዚህ ነው። «መኪናው ይተነፍሳል» እየተባለ ይወጣና በባዶ ቱቦ ይተካል፣ ከኋላ ያለው ሴንሰር ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን የሚያታልል ማራዘሚያ ይገጠማል። ደህና ካታሊቲክ በፋብሪካ ተርቦ ላይ የሚከለክለው ጉልበት ትንሽ ነው። ባዶ ቱቦ ተርባይኑን የበለጠ ያፈጥነዋል፣ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ተርቦው የሚጨምረው ትርፍ ፍጥነት የለውም።

ታፍኗል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለኩት። የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር አውጥታችሁ በቦታው የግፊት ሰዓት ግጠሙ። በሚኒሞ ከ0.1 ባር በታች፣ በ2,500 ዙር ከ0.2 ባር በታች መሆን አለበት። ከበለጠ ታፍኗል፤ ግን ያፈነውን ሳታገኙ አዲስ አትግጠሙ። እሳት የሚያቋርጥ ሲሊንደር ያልተቃጠለ ቤንዚን ይልክበትና ከ1,000 ዲግሪ በላይ ያግለዋል፣ እንደ ማር ወለላ ያለው ውስጡ ይቀልጣል። ዘይት የሚበላ ሞተር ደግሞ ቀስ እያለ ይለብጠዋል።

ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ የጋዝ መለኪያው የሚያወጣውን ወረቀት ጠይቁ፣ «አለፈ» ብቻ አይበቃም። መመዘኛ ከፈለጋችሁ፣ አውሮፓ ውስጥ ለአዳዲስ ቤንዚን መኪኖች የሚፈቀደው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚኒሞ 0.3 በመቶ፣ ከ2,000 ዙር በላይ 0.2 በመቶ ነው፤ ላምዳው ከ0.97 እስከ 1.03። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 14 ወይም 15 በመቶ ከሆነ ቃጠሎው ጥሩ ነው። ሞኖክሳይዱ ከፍ ብሎ ኦክስጅኑ ዝቅ ካለ ቤንዚን በዝቷል። ያልተቃጠለው ቤንዚንና ኦክስጅኑ አብረው ከፍ ካሉ አንዱ ሲሊንደር እሳት ያቋርጣል። ሁሉም ቁጥር ዝቅ ብሎ ኦክስጅን ብቻ ከበዛ ማርሚታው ተቀዷል፤ ማሽኑ የሚለካው የሰፈሩን አየር ነው።

ኮምፒውተር ማስነካት

በኢንተርኔት የሚሸጠው ፋይል የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ ለቆላ አየር ነው። ማኒፎልዱን 220 ኪሎፓስካል እንዲሆን ቢያዝ፣ ባሕር ጠለል ላይ ተርቦው የሚያምቀው 2.2 ጊዜ ያህል ነው፤ እዚህ 2.9 ጊዜ። ፋብሪካው ለከፍታ የጻፈውን ገደብ ካነሳው ትንሹ ተርቦ ከብቃቱ ክልል ወጥቶ አየር ከማመቅ ይልቅ ያጋላል። ጥቀርሻው ከኋላ ይታያል። ቀዳዳው ተደፍኖ፣ ኢንተርኩለሩ ታጥቦ፣ ካንዴላው ተቀይሮ ጉልበቱ አሁንም ካላረካችሁ ብቻ ነው ይህ ወሬ የሚነሳው። ያኔም የከፍታውን ገደብ ሳይነካ በቦታው እየለካ የሚሠራ ሰው ፈልጉ።

ተርቦው የግድ ከተቀየረ

ያገለገለ ተርቦ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ስትመርጡ ዘንጉን ወደ ጎን አነቃንቁት፤ ዘይት ስለሌለው ትንሽ ቢወዛወዝ አይደንቅም፣ ክንፉ ግን ግድግዳውን መንካት የለበትም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፉት በእጅ የሚሰማ እንቅስቃሴ ካለ ተዉት። የክንፎቹ ጫፍ የተበላ ከሆነ፣ በጭስ ወገን ያለው ቤት እስከ ቫልቩ መቀመጫ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ የዋስትጌቱ (ትርፍ ጭስ ከተርባይኑ የሚያሳልፈው በር) ክዳን የሚንኳኳ ከሆነ እንዲሁ። ለብቻው የሚሸጠው ርካሽ የመሀል ክፍል ሚዛኑ ያልተስተካከለ ከሆነ ሲሽከረከር ያፏጫል፣ ዕድሜውም አጭር ነው።

ከመግጠማችሁ በፊት አሮጌው ለምን እንደሞተ እወቁ። የዘይት ማስገቢያ ቱቦውን አታጽዱ፣ ቀይሩት፤ ውስጡ የከሰለውን ዘይት ማንም አያወጣውም። በብሎኑ ውስጥ ትንሽ ወንፊት ካለ እሱንም። ኢንተርኩለሩ ውስጥ የተሰበረ ክንፍ ወይም ዘይት ቀርቶ እንደሆነ አጥባችሁ አድርቁት፣ አለዚያ በቀጥታ ሞተሩ ይበላዋል። የዘይት መመለሻው ጋስኬት ላይ ሲሊኮን አትቀቡ፤ ተልጦ መንገዱን ይዘጋል፣ ተርቦውም ዘይቱን በሁለቱም ወገን ይተፋል።

በማስገቢያው ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ዘይት በመርፌ ጨምሩና ዘንጉን በጣት አዙሩት። የኢንጀክተርና የቦቢና ሶኬቶችን ነቅላችሁ በሞተሪኖ 10 ሰከንድ ያህል፣ እያሳረፋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሩ። የዘይት መብራቱ ሲጠፋ ሶኬቶቹን መልሱ፣ አስነሱ፣ 3 ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ፣ ፔዳሉን አትንኩ። ከዚያ የመመለሻ ቱቦውን ከሥር በመብራት እዩ። ኮዶቹን አጥፉ፣ ለመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትሮች ሙሉ አትርገጡ፣ በ1,000 ላይ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ቀይራችሁ አሮጌውን ፊልትሮ ቆርጣችሁ ክፈቱ። በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብረት ካለ ተርቦውን አውርዱት።